ያረጀ የፋይበርግላስ ሞተር ጀልባን በቤት ማደስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ4 እስከ 7 ሜትር የሚረዝሙ፣ በቤንዚን ሞተር የሚሠሩ ጀልባዎችን የሚመለከቱ ጥያቄዎች፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ጀልባዬ ሠላሳ አርባ ዓመት ሆኖታል። ማደሱ ያዋጣል?

ፋይበርግላሱ ራሱ አይበሰብስም። የመስታወት ክር ሬዚን፣ ማለትም ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ፣ ጠጥቶ የደረቀ ነገር ስለሆነ ምስጥም ሻጋታም አይበላውም። የሚበሰብሰው በውስጡ የታሸገው እንጨት ነው። አብዛኞቹ የቆዩ ሞተር ጀልባዎች ሦስት ቦታ ላይ እንጨት አላቸው፦ ሞተሩ የሚሰቀልበት የኋላ ግድግዳ ማለትም ትራንሰሙ፣ ከወለሉ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚዘረጉት ደጋፊ እንጨቶች ማለትም ስትሪንገሮች፣ እና ወለሉ ራሱ። ውሃ ወደ እንጨቱ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሰው በበሳው ቀዳዳ በኩል ነው፤ በሞተር ብሎን፣ በመቀመጫ ቪቴ፣ በውሃ ማፍሰሻው። ስለዚህ የእድሳቱ ዋና ሥራ የበሰበሰውን እንጨት አውጥቶ አዲሱን ውሃ በማያገኘው መንገድ ማሸግ ነው። ቀለም የመጨረሻው ጉዳይ ነው።

የሚያዋጣው ቀፎው ማለትም የጀልባው የፋይበርግላስ አካል ቅርጹን ካልለቀቀ ነው። ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ ከኋላ ጫፍ ጀምሮ ወደ ፊት 1.5 ሜትር ያህል በጀልባው ሆድ ላይ ያስጠጉ። በዘንጉና በሆዱ መካከል ከ5 ሚሊሜትር በላይ ክፍተት ከታየ ተጎታቹ ላይ በተሳሳተ ድጋፍ ለዓመታት ተቀምጦ ጎብጧል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጀልባ ሲፈጥን አፍንጫውን ይደፋል ወይም ይዘላል፤ ይህንን በቤት ማቃናት በጣም ከባድ ስለሆነ ሌላ ቀፎ መፈለግ ይሻላል።

እንጨቱ መበስበሱን ሳልቆርጥ እንዴት ላውቅ?

በትንሽ መዶሻ ወይም በካቻቪቴ እጀታ ትራንሰሙንና ወለሉን በየ5 ሴንቲሜትሩ መታ መታ ያድርጉ። ጤነኛው ቦታ ጠንከር ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ወይም የተላቀቀው ድፍን ያለ፣ የታፈነ ድምፅ። የተለወጠበትን ቦታ በእርሳስ ያክብቡ። ቀጥሎ ሞተሩ ተሰቅሎ እያለ የታችኛውን ጫፉን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት፤ ሌላ ሰው ትራንሰሙን ይመልከት። ጠንካራ ትራንሰም ፈጽሞ አይታጠፍም። ሲተነፍስ ከታየ በስብሷል።

እርግጠኛ የሚያደርገው ግን ፑንታ ነው። ከውስጥ በኩል፣ ከሁሉም በላይ ከታች ማዕዘኖቹና ከማፍሰሻው ቀዳዳ አጠገብ፣ በ6 ሚሊሜትር ፑንታ የውስጡን ንጣፍና እንጨቱን ብቻ ይብሱ፤ የውጭውን ንጣፍ እንዳይበሱ ፑንታው ላይ በቴፕ ምልክት ያድርጉ። የሚወጣው ፍርፋሪ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ጥቁር፣ እርጥብ፣ በጣት ሲያሹት የሚቦካ ከሆነ መቀየር አለበት። ቀዳዳዎቹን በዚያው ቀን በኢፖክሲ፣ ማለትም አጥብቆ በሚይዝ ባለ ሁለት ክፍል ሬዚን፣ ይድፈኗቸው።

ምን ዓይነት የሥራ ቦታና መከላከያ ያስፈልገኛል?

ጣሪያ ያለው፣ አየር እንደ ልብ የሚመላለስበት፣ ሙቀቱ ከ15 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ቦታ። ከመኖሪያ ቤቱ ጋር በበር የተያያዘ ክፍል አይሆንም፤ ጀልባው መጀመሪያ የተሠራበት የፖሊስተር ሬዚን ስታይሪን የተባለ ኃይለኛ ጭስ ይለቃል፣ ሽታውም ለቀናት አይወጣም።

ሲፈጩ የሚወጣው የመስታወት ብናኝ በተራ የጨርቅ ጭምብል አይቆምም። የብናኝ ማጣሪያና የኬሚካል ትነት ማጣሪያ አብሮ የተገጠመለት፣ ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ የጎማ ጭምብል ይልበሱ። የናይትሪል ጓንት፣ ዓይንን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መነጽርና እጅጌው ረጅም የሥራ ልብስ አይቀሬ ናቸው። የፖሊስተር ማጠንከሪያ ዓይን ውስጥ ከገባ የማየት ችሎታን እስከመጨረሻው ሊያጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ውሃ ሁልጊዜ አጠገብዎ ይኑር። ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ ያለማቋረጥ አጥበው ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ስለ እሳትም አንድ ነገር፦ በቆርቆሮ ውስጥ የተረፈ የተቀላቀለ ሬዚን ራሱን በራሱ አግሎ ሊጨስ፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ደጅ አውጥተው እስኪደርቅና እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁት እንጂ ወደ ቆሻሻ መጣያ አይጣሉት።

ሥራውን ከምን ልጀምር?

ከፎቶና ከልኬት። የእያንዳንዱን ዕቃ ቦታ፣ የትራንሰሙን ቁመት፣ ውፍረትና ዘንበል ያለበትን ማዕዘን፣ የእያንዳንዱን ስትሪንገር ቁመት ወለሉን ከማንሳትዎ በፊት ይመዝግቡ። አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ትክክለኛውን ልክ የሚነግርዎ ነገር አይኖርም።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ዕቃውን ማራገፍ፣ ቀፎውን በደንብ ማስደገፍ፣ የበሰበሰውን ማውጣት፣ ትራንሰም፣ ስትሪንገር፣ ፎም፣ ወለል፣ የውጭ ጥገና፣ ቀለም፣ በመጨረሻ ሽቦና ዕቃ መግጠም። ብዙ ሰው ቀለሙ ዓይኑን ስለሚስበው ከውጭ ይጀምራል። በኋላ ትራንሰሙ ሲቆረጥ ያ ሁሉ ቀለም አብሮ ይጫጫራል።

ፖሊስተር ልጠቀም ወይስ ኢፖክሲ?

ጀልባው መጀመሪያ የተሠራው በፖሊስተር መሆኑ ጥገናውም በፖሊስተር ይሁን አያስብልም። አዲስ ጀልባ ሲሠራ ሁሉም ንጣፍ ትኩስ በትኩስ ስለሚደራረብ በኬሚካል ይዋሃዳል። ጥገና ግን ከዓመታት በፊት በደረቀ ነገር ላይ መለጠፍ ነው፤ እዚህ ላይ የማጣበቅ ኃይሉ የላቀው ኢፖክሲ ነው። ለእንጨትማ አያጠያይቅም፤ ፖሊስተር ከእንጨት ላይ በጊዜ ብዛት ይላቀቃል። ስለዚህ ለትራንሰም፣ ለስትሪንገርና ከውሃ በታች ላለ ቀዳዳ ኢፖክሲን እንመክራለን። ሰፊ ስፋት ላይ ንጣፍ ለመጨመርና ጄልኮት (የቀፎው የውጭ ባለቀለም ሽፋን) ለሚቀባ ቦታ ፖሊስተር ወይም የእሱ ዘመድ የሆነው ቪኒልኤስተር ይበቃል፤ ዋጋውም ያንሳል።

አንድ የማይገለበጥ ሕግ አለ። በደረቀ ፖሊስተር ላይ ኢፖክሲ ይያዛል፤ በደረቀ ኢፖክሲ ላይ ግን ፖሊስተርም ጄልኮትም በአስተማማኝ ሁኔታ አይያዙም። በኢፖክሲ የተጠገነ ቦታ መጨረሻው ቀለም ነው ብለው ያስቡ። ሌላው፦ ቁርጥራጭ ክሮች ተበትነው የተሠራው ተራ ማት ክሮቹን የሚያያይዘው ሙጫ በስታይሪን የሚሟሟ ነው። ኢፖክሲ ስታይሪን ስለሌለው ያ ማት ድርቅ እንዳለ ይቀራል። ከኢፖክሲ ጋር የተሸመነ ወይም የተሰፋ ጨርቅ ይጠቀሙ።

ሬዚኑ ቀናት አልፈውት ያጣብቃል። ምን አጠፋሁ?

ፖሊስተር ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መጠኑ ነው። ማጠንከሪያው ከሬዚኑ ከ1 እስከ 2 በመቶ መሆን አለበት፤ ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ሚሊሊትር ያህል። ከ1 በመቶ በታች ከወረደ ሙሉ በሙሉ አይደርቅም፣ ከ2 በመቶ ብዙ ከበለጠ ቶሎ ይግላል፣ ይሰባበራል። በመርፌ ወይም በምልክት ባለው ስኒ ይለኩ፤ በጠብታ ግምት አይሠራም። ቀዝቃዛ ቀንም ተመሳሳይ ችግር ያመጣል። ሁለተኛው ምክንያት ጥፋት አይደለም፦ ለንጣፍ የሚሠራው ሬዚን አየር የነካው ገጹ ሆን ተብሎ እንዲያጣብቅ ነው የተሠራው፣ ቀጣዩ ንጣፍ እንዲይዝለት። ለመጨረሻው ንጣፍ ሰም የተጨመረበትን ዓይነት ይጠቀሙ።

ኢፖክሲ ላይ ደግሞ ማጠንከሪያ መጨመር አያፈጥነውም። የሁለቱ መጠን፣ ለምሳሌ 5 ለ1 ወይም 2 ለ1፣ በአምራቹ የተወሰነ ነው። ከዚያ ከተዛነፈ ትርፍ የሆነው ክፍል ምንጊዜም ለስላሳ እንደሆነ ይኖራል፤ መፍትሔውም ፍቆ ማውጣት ብቻ ነው። በደንብ ሳይቀላቀል የቀረ ኢፖክሲም እንዲሁ ነው፤ የስኒውን ጠርዝና ግርጌ እየጠረጉ ቢያንስ 2 ደቂቃ ያማስሉ። ከደረቀ በኋላ ገጹ ላይ ቅባት መሰል ነገር ካዩ ያ የተለመደ ነው፤ ከመፈግፈግዎ በፊት በንጹሕ ውሃና በሻካራ ስፖንጅ ያጥቡት። አስቀድመው ከፈገፈጉት ቅባቱን ወደ ውስጥ ይቀብሩታል፣ ቀለሙም በኋላ ይላጣል።

ምን ያህል ማትና ሬዚን ልግዛ?

በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን ማት አንዱ ንጣፍ ሬዚን ጠጥቶ ሲደርቅ 1 ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል፤ ከክብደቱ ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ ፖሊስተርም ይጠጣል። 2 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 4 ሚሊሜትር ለመጨመር 4 ንጣፍ፣ ማለትም 8 ካሬ ሜትር ማት ያስፈልጋል፤ ይህ 3.6 ኪሎ ነው። ሬዚኑ ከ7.2 እስከ 9 ኪሎ ይሆናል። በስኒ፣ በሮለርና በብሩሽ ላይ ለሚቀረው ከ10 እስከ 15 በመቶ ይጨምሩ። የተሸመነና የተሰፋ ጨርቅ ከዚህ ያነሰ፣ ከራሱ ክብደት ጋር እኩል የሚሆን ሬዚን ይበቃዋል። ሬዚን ሲበዛ ጥንካሬ አይጨምርም፤ ጥንካሬው ያለው ክሩ ውስጥ ነው።

የተበሳ ቀፎ እንዴት ይጠገናል?

ቀዳዳውን መድፈን አይበቃም። የአዲሱ ንጣፍ ኃይል በአሮጌው ላይ ቀስ በቀስ እንዲተላለፍ ጠርዙ እንደ ተዳፋት መሞረድ አለበት፤ የተዳፋቱ ርዝመት የቀፎው ውፍረት 12 እጥፍ ነው። 5 ሚሊሜትር የሚወፍር ቀፎ ላይ 5 ሴንቲሜትር ቀዳዳ ካለ በየአቅጣጫው 6 ሴንቲሜትር ይሞረዳል፤ ሥራው 17 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሆናል ማለት ነው። ትንሽ ቀዳዳ ይህን ያህል መስፋቱ ያሳዝናል፤ ሆኖም ተዳፋቱ ያጠረ ጥገና ከማዕበል ጋር ሲጋጭ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል።

የሚቻል ከሆነ ከውስጥ በኩል ይሞርዱ፤ ውጭው ትንሽ ብቻ ስለሚነካ ቀለሙ ይቀላል። ከውጭ በኩል በሰፊ የማሸጊያ ቴፕ የተሸፈነ ስስ ፕላስቲክ ወይም ፎርማይካ ቀዳዳው ላይ ያስደግፉ፤ ሬዚን ቴፑን አይዝም። በግራይንደር 40 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሞርደው ብናኙን ያንሱ፣ በአሴቶን በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ገጹን በሬዚን ያርሱ፣ ከዚያ ትልቁን ክብ ቁራጭ መጀመሪያ፣ እያነሱ የሚሄዱትን በላዩ ይደርድሩ። በዚህ አደራረግ በኋላ ሲፈገፈግ የሚነካው የላይኛው ትንሹ ቁራጭ ነው፤ ከአሮጌው ጋር የተያያዘው ትልቁ ሳይቆረጥ ይተርፋል። እያንዳንዱን ንጣፍ በጥርሳም የብረት ሮለር እየዳመጡ አየሩን ያስወጡ። ነጣ ብሎ የሚታይ ነጥብ ወይ አየር ነው ወይ ሬዚን ያልጠጣ ክር፤ እርጥብ ሳለ ያርሙት። በፖሊስተር ሲሠሩ በአንድ ጊዜ ከ3 ወይም 4 ንጣፍ አይለፉ፤ ሙቀቱ ጥገናውን ያጣምመዋል።

ጄልኮቱ ላይ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች አሉ። አደገኛ ናቸው?

አቀማመጣቸውን ይዩ። ከአንድ ነጥብ እንደ ኮከብ የሚበተኑ ከሆኑ ያ ቦታ ተመቷል፤ ከውስጥ በኩል ክሩ መጎዳቱን ያጣሩ። ጎን ለጎን የሚሄዱ መስመሮች ከሆኑ ቦታው ሲሠራ ይታጠፋል ማለት ነው፤ ከሥሩ ያለው ስትሪንገር ወይም ትራንሰም ሳይጠናከር ስንጥቁን መድፈን ለአንድ የጉዞ ወቅት እንኳ አይቆይም። ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ እያንዳንዱን ስንጥቅ በስለታም መፋቂያ እንደ ቪ ቅርጽ ይክፈቱት፤ ቀጭን ስንጥቅ ላይ ጄልኮት ቢቀቡ ወደ ውስጥ አይገባም። ሞልተው ከደረቀ በኋላ ከ320 ቁጥር ጀምረው በውሃ እስከ 1000 ድረስ ይፈግፍጉና ያሹት።

ትራንሰሙ በስብሷል። በቤት መቀየር እችላለሁ?

ይቻላል፤ ከጠቅላላው እድሳት ዋናው ሥራም ይህ ነው። ከሦስት አቅጣጫ መግባት ይቻላል፦ ከውስጥ፣ ከውጭ፣ ወይም ከላይ። ከውስጥ መግባቱን እንመርጣለን፤ ምክንያቱም የውጭው ንጣፍ ሳይነካ ቅርጹን ይጠብቃል፣ አዲሱ ሥራም ከውጭ አይታይም። የላይኛው የጀልባ ክፍል መንገድ ከዘጋና ማንሳት ካልተቻለ ከውጭ ይገባል።

ትራንሰሙን ከመክፈትዎ በፊት የውጭው ንጣፍ እንዳይጎብጥ ሁለት ቀጥ ያሉ ጠንካራ ጣውላዎችን ከውጭ አግድም ያስሩበት። የውስጡን ንጣፍ ከጠርዞቹ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ገባ ብለው በግራይንደር ይቁረጡ። የበሰበሰው እንጨት በመሮ ይወጣል፤ ጤነኛው ግን አጥብቆ ስለሚይዝ ትዕግሥት ይጠይቃል። ምንም እንጨት ሳይቀር እስኪጸዳ በ40 ቁጥር ይፈግፍጉ። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው፦ ግራይንደሩ አንድ ቦታ ሲቆም የውጭውን ንጣፍ ይበሳል። ከኋላ መብራት ያስቀምጡ፤ ሲሳሳ ብርሃን ያሳልፋልና አስቀድሞ ይነግርዎታል።

ለአዲሱ እንጨት የባሕር ፕላይውድ ይጠቀሙ፤ ቢኤስ 1088 የሚል ምልክት ያለው ውስጡ ክፍተት የሌለበትና ሙጫው ውሃ የሚቋቋም ነው። በኬሚካል የተነከረ የግንባታ ፕላይውድ እርጥበት ስላለበትና ሬዚኑ በደንብ እንዳይይዝ ስለሚያደርግ ይተዉት። ብዙውን ጊዜ ሁለት 18 ሚሊሜትር ሰሌዳዎች በኢፖክሲ ተጣብቀው ከፋይበርግላሱ ጋር 40 ሚሊሜትር አካባቢ ውፍረት ይሰጣሉ፤ የእርስዎን የመጀመሪያ ልክ ግን ይከተሉ፣ የሞተሩ መያዣ የተሠራው ለዚያ ነው። ቁመቱም እንዲሁ፦ ለአጭር ዘንግ ሞተር 38፣ ለረጅም ዘንግ 51 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ሰሌዳውን ከካርቶን ሞዴል ላይ ይቁረጡ፤ ከቀፎው ጋር ሲገናኝ ዙሪያውን ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ክፍተት ይተዉ። እንጨት በቀጥታ ቀፎውን ከነካ ያ ነጥብ በኋላ ከውጭ ይሰነጠቃል።

ማጣበቁ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቀጭን ኢፖክሲ እንጨቱንም ንጣፉንም ይቀቡ፤ እንጨቱ ይጠጣው። ከዚያ ኢፖክሲውን በሲሊካ ዱቄት እስኪወፍርና ከማንኪያ ላይ እስከማይንጠባጠብ አወፍረው 6 ሚሊሜትር ጥርስ ባለው መዳመጫ ያስተኙትና ሰሌዳውን ይግጠሙ። በሞርሳ ሲያስሩ ከጠርዙ ኢፖክሲ እስኪፈልቅ ብቻ ይጥበቅ። ከዚያ በላይ ከተጨመቀ መሃሉ ሙጫ አልባ ይቀራል። ሞርሳ የማይደርስበት መሃል ላይ በኋላ ለሞተሩ በሚበሱ ቦታዎች ሰም የተቀባ ብሎንና ሰፊ ሮንዴላ ይጠቀሙ። ደርቆ ሲያበቃ ማዕዘኖቹን በወፍራም ኢፖክሲ ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር ራዲየስ አክብበው ይሙሉ፤ ክር በሹል ማዕዘን ላይ አይተኛም፣ ከሥሩ አየር ይይዛል። በዚያ ላይ በካሬ ሜትር 600 ግራም የሚመዝን የተሰፋ ጨርቅ፣ ወደ ቀፎው 10፣ 15 እና 20 ሴንቲሜትር እየረዘመ፣ ሦስት ንጣፍ ይልበስ። ከዚያ የውስጡን ንጣፍ በሙሉ መልሰው ይሥሩ፤ ውፍረቱ ከቆረጡት እንዳያንስ።

በመጨረሻ ቀዳዳዎቹ። አሮጌውን ትራንሰም የገደሉት እነሱ ናቸው። ለ12 ሚሊሜትር ብሎን በ18 ሚሊሜትር ፑንታ ይብሱ፣ ከኋላ በቴፕ ዘግተው በወፍራም ኢፖክሲ ይሙሉት፣ ሲደርቅ መሃሉን በ12 ይብሱ። ብሎኑ ከዚያ በኋላ የሚነካው ኢፖክሲ ብቻ ነው፤ ማሸጊያው አንድ ቀን ቢከዳ እንኳ ውሃ እንጨቱን አያገኘውም። ለትንሿ የመለኪያ መሣሪያ ቪቴ ሳይቀር እንዲሁ ያድርጉ።

ብዙ ቀዳዳ በስቼ ኢፖክሲ በመርፌ ብወጋውስ?

የበሰበሰ እንጨት በውሃ የተሞላ ነው፤ ውሃ ያለበት ቦታ ሬዚን አይገባም። የሚሞላው ፑንታው የከፈተው መንገድ ብቻ ሲሆን በመካከሉ ያለው እንጨት እርጥብና ልፍስፍስ እንደሆነ ይቀራል። ሞተር ተሸክሞ የሚሮጥ ትራንሰም በዚህ መንገድ አይታመንም። መርፌ የሚሠራው ደረቅና ጤነኛ በሆነ እንጨትና በንጣፉ መካከል ትንሽ መላቀቅ ሲኖር ብቻ ነው።

ስትሪንገሮቹንና ወለሉን ስቀይር ቀፎው እንዳይጣመም ምን ላድርግ?

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያውጡ። ወለል፣ ስትሪንገርና የላይኛው ክፍል አንድ ላይ ሲነሱ ቀፎው እንደ ልብስ ይለሰልሳል፤ በዚያ ሁኔታ የደረቀ አዲስ ስትሪንገር ጠማማነቱን ለዘላለም ያስረዋል። ሆዱን በመስመር በብዙ ቦታ አስደግፈው በውሃ ልክ ካስተካከሉ በኋላ አንዱን ስትሪንገር አውጥተው ይተኩ፣ ሲደርቅ ወደ ሌላው ይሂዱ። የውጩን ስፋት በሁለት ሦስት ቦታ ለክተው በየሥራው ማለዳ ያረጋግጡ።

ፕላይውዱ ለርዝመቱ ካልበቃ ጫፎቹን 8 ለ1 በሆነ ተዳፋት ይቀጥሉ፤ 18 ሚሊሜትር ፕላይውድ ላይ 14.4 ሴንቲሜትር መደራረብ ነው። ስትሪንገሩ በወፍራም ኢፖክሲ ላይ ይቀመጥ፣ ማዕዘኑ ይክበብ፣ በሁለቱም በኩል በሦስት ንጣፍ ከቀፎው ጋር ይታሰር፣ ጀርባውም ሙሉ በሙሉ ይሸፈን። ውሃ ወደ ማፍሰሻው እንዲሄድ የሚተዉ ቀዳዳዎች ውስጣቸው በፋይበርግላስ ወይም በፕላስቲክ ቱቦ ካልተሸፈነ መበስበስ ከዚያው ይጀምራል። ለወለሉ 12 ሚሊሜትር ይበቃል፤ መጋጠሚያዎቹ ስትሪንገር ላይ ይረፉ፣ የታችኛው ገጽና ጠርዙ ከመገጠሙ በፊት ሦስት ጊዜ ኢፖክሲ ይቀባ።

ከወለሉ ሥር ያለው ፎም ውሃ ጠጥቷል። ሳልተካው ብተወውስ?

አሮጌውን ያውጡ፤ ውሃ ከጠጣ በፀሐይ አይደርቅም፣ በመቶ የሚቆጠር ኪሎም ሊሸከም ይችላል። መተካት ግን ግዴታ ነው፤ ጀልባው ውሃ ሲሞላ ከነሞተሩ የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። በኪዩቢክ ሜትር 32 ኪሎ የሚመዝን፣ ሕዋሶቹ የተዘጉ ፖሊዩሬቴን ፎም ይጠቀሙ፤ 0.3 ኪዩቢክ ሜትሩ 290 ኪሎ ያህል ያነሳል። ሁለቱ ፈሳሾች እኩል በእኩል ተቀላቅለው በሰከንዶች ውስጥ መነፋት ይጀምራሉ፣ ከ25 እስከ 30 እጥፍም ያድጋሉ። በአንድ ጊዜ ብዙ ከተፈሰሰ ይግላል፣ ወለሉንም ያነሳል። ስለዚህ ከ1 ሊትር ሳይበልጥ፣ በየቀዳዳው፣ እያቀዘቀዙ ያፍስሱ። በሆዱ መሃል የውሃ መሄጃው ነጻ ይሁን።

ከውሃ መስመር በታች ያሉት እብጠቶች ምንድን ናቸው?

ውሃ ጄልኮቱን ቀስ እያለ አልፎ ንጣፉ ውስጥ ካለ ያልደረቀ ኬሚካል ጋር ሲቀላቀል የሚፈጠር ግፊት ነው። ሲፈነዱ የሚወጣው ፈሳሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ሲከፍቷቸው መነጽር ያድርጉ፤ ፈሳሹ ይረጫል። ሁሉንም ከፍተው በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያጥቡ፣ ከዚያ ለሳምንታት ያድርቁ። ግልጽ የፕላስቲክ ቁራጭ ዙሪያውን በቴፕ አሽገው ቀፎው ላይ ይለጥፉ፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ከሥሩ ጤዛ ካለ ገና አልደረቀም። ሲደርቅ በሲሊካ በወፈረ ኢፖክሲ ይሙሉና ከ4 እስከ 6 ዙር የኢፖክሲ መከላከያ ይቀቡ። እርጥብ ላይ የተቀባ መከላከያ ውሃውን ውስጥ ይቆልፈዋል፣ እብጠቱም ይመለሳል።

ጄልኮቱን ልወልውል ወይስ ቀለም ልቀባ?

የደበዘዘ ጄልኮት የሞተ ጄልኮት አይደለም። 50 በ50 ሴንቲሜትር በሆነ ቦታ ላይ በ800፣ በ1000 እና በ1500 ቁጥር በውሃ ፈግፍገው በመወልወያ አሽተው ይፈትኑ። ካበራ ቀለም አያስፈልግም። ውፍረቱ ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ከሥሩ የክሩ ሽመና መታየት ከጀመረ ያቁሙና ወደ ቀለም ይሂዱ።

ሁለት ክፍል ያለው ፖሊዩሬቴን ከሁሉም ይበረታል፤ ማጠንከሪያው ግን አይሶሲያኔት የተባለ ለሳንባ አደገኛ ኬሚካል አለበት። በቤት ውስጥ አይርጩት፤ ተራ የማጣሪያ ጭምብል ለርጭቱ አይበቃም። በአጭር ፀጉር ሮለር ስስ አድርገው ይቀቡና ወዲያው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ያስተካክሉት፤ ሁለት ሰው ቢሠራው ጥሩ ነው። ከቀለሙ በፊት ሰሙን በሰም ማስለቀቂያ ሳይጠርጉ አይፈግፍጉ። የቆየ የሆድ ቀለም፣ ማለትም ከውሃ መስመር በታች የሚቀባው፣ መዳብ፣ አንዳንዴም እርሳስ ወይም ቲን ይኖረዋል፤ ቲን ያለባቸው የሆድ ቀለሞች በዓለም አቀፍ ስምምነት ከ2008 ጀምሮ ተከልክለዋል። ስለዚህ በደረቁ አይፈግፍጉ፤ በውሃ ይሥሩና ፍርፋሪውን ሰብስበው ያስወግዱ።

ሽቦና የቤንዚን መስመር ላይ ምን ልቀይር?

የቤንዚን ቱቦውን በሙሉ፤ ከውጭ ደህና ቢመስልም። ኤታኖል ያለበት ቤንዚን አሮጌ ጎማን ከውስጥ ይበላዋል። አይኤስኦ 7840 የሚል የጀልባ ቤንዚን ቱቦ ደረጃ ምልክት ያለው ይግጠሙ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ሆዱ ውስጥ ይተኛል። ሞተሩ ጀልባው ውስጥ የሚቀመጥ ዓይነት ከሆነ ማራገቢያው ከማስነሳትዎ በፊት ቢያንስ 4 ደቂቃ ይሥራ። በሞተሩ ክፍል የመኪና ዳይናሞ፣ ሞተሪኖ ወይም ካርቡሬተር አይግጠሙ፤ የጀልባዎቹ ብልጭታና ትነት እንዳያወጡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው።

ሽቦው በቲን የተለበጠ የመዳብ ሽቦ ይሁን። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው 18 ሴንቲሜትር ሳይርቅ ይቀመጥ። የሆድ ውሃ ፓምፑ በራሱ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪ ይገናኝ፤ ዋናው ማብሪያ ቢጠፋም እሱ መሥራት አለበት።

ለዓመታት የቆመውን ሞተር እንዴት ላስነሳ?

ወዲያው አያስነሱት። አሮጌውን ቤንዚን አውጥተው ካንዴላዎቹን ይፍቱ፣ ጥቂት ዘይት አንጠባጥበው በእጅ ያዙሩ፤ ከዚያ የሲሊንደሮቹን ግፊት ይለኩ። በመካከላቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ቀፎው ላይ ገንዘብ ከማፍሰስዎ በፊት ሞተሩ ይታይ። የማርሽ ዘይቱን ከታች ይክፈቱ፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። የውሃ ፓምፑን የጎማ ክንፍ በአዲስ ይተኩ። ያለ ውሃ ደግሞ ለሰከንዶችም ቢሆን አያስነሱ፤ ያ ጎማ በደረቁ ይቃጠላል።

ሁሉንም ጨርሼ አሁንም ውሃ ያስገባል። ከየት እንደሆነ እንዴት ላግኝ?

ቆሞ ሲያስገባና ሲሮጥ ሲያስገባ ምንጩ የተለያየ ነው። ሲሮጥ ብቻ ከሆነ የላይኛውና የታችኛው አካል የሚገናኙበትን የጠርዝ መጋጠሚያ ይመልከቱ፤ ማዕበሉ ሲረጭ የሚደርሰው እዚያ ነው። ቆሞም ከሆነ የማፍሰሻው ጥርስ፣ ከትራንሰሙ ሥር ያሉ ቪቴዎች ወይም ቀፎውን የሚያልፉ ቱቦዎች ናቸው።

ማሸጊያውን በዓይነቱ ይምረጡ። ከውሃ በታች ለዘለቄታው ለሚገጠም ፖሊዩሬቴን፤ አንድ ቀን ለሚፈታ ዕቃ ፖሊሰልፋይድ። ሲሊኮን የነካው ቦታ ቀለምም ሌላ ማሸጊያም ስለማይዝ ያርቁት። ብሎኑንም በአንዴ አጥብቀው አይጨርሱ፤ ማሸጊያው ዙሪያውን ብቅ እስኪል አጥብቀው ይተዉት፣ በማግሥቱ ብሎኑን ሳያዞሩ ዳዶውን ብቻ ያጥብቁ።

ምንጩ ካልታወቀ ጀልባውን ተጎታቹ ላይ በደንብ አስደግፈው ሆዱ ውስጥ እስከ 10 ሴንቲሜትር ውሃ ይጨምሩ፤ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 100 ኪሎ እንደሚመዝን ያስቡ። ከውጭ የሚንጠባጠብበት ነጥብ ቀዳዳው ነው። ከሥር ካልታየ ውስጡን አድርቀው ታልክ ዱቄት በመጋጠሚያዎቹ ላይ ይነስንሱና ጀልባውን ውሃ ላይ ያውርዱት፤ ውሃው በዱቄቱ ላይ የሚተወውን መስመር ወደ ኋላ ተከትለው ምንጩ ጋ ይደርሳሉ።